በጀርመን አገር እንግዳ ጠርቶ ወዳጅ ለማፍራት፦ ከሊጡ እስከ ቡናው

ለትምህርት ወይም ለሥራ ወደ ጀርመን የሚመጣ ኢትዮጵያዊ በመጀመሪያው ዓመት ከሚያሰማቸው ቅሬታዎች ሁሉ የሚበዛው የብቸኝነት ነው። ቋንቋው ቀስ በቀስ ይለመዳል፣ ለብርዱም ወፍራም ካፖርት ይገዛለታል፤ ጎረቤት ግን ሰላምታ ሰጥቶ በሩን ይዘጋል፣ የሥራ ባልደረባም ቢሮው ሲዘጋ ወደየቤቱ ይበተናል። ብዙዎቻችን ይህን ንቀት ወይም ጥላቻ አድርገን እንተረጉመዋለን፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ሰውን አላስቸግርም ከማለት የሚመጣ ቁጥብነት ነው። ስለዚህ እስኪጋብዙዎ ድረስ ከመጠበቅ ይልቅ ቀድሞ መጋበዝ ይሻላል እላለሁ። እንግዳ መቀበል ከቤታችን ይዘነው የመጣነው ሙያ ስለሆነ ቋንቋው ገና ባልተስተካከለበት ጊዜ እንኳ ልንሠራበት እንችላለን።

በመጀመሪያ ቀኑን ይምረጡ። ጀርመኖች እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ከ9 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ (በአገሩ አቆጣጠር ከ15 እስከ 16 ሰዓት) ቡናና ኬክ ይዘው ከቤተሰብ ወይም ከወዳጅ ጋር የመቀመጥ የቆየ ልማድ አላቸው። የእኛን የቡና ሥርዓት ለማስተዋወቅ ከዚህ የተሻለ ሰዓት አይገኝም፤ ምሳውን ትንሽ አዘግይቶ ቡናውን በዚያ ሰዓት ማድረስ ይቻላል። ግብዣውን ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በፊት ያስታውቁ፤ «ነገ ብቅ በሉ» ቢሏቸው ፈቃደኛ የሆኑት እንኳ ቀኑን ቀድመው ለሌላ ጉዳይ ሰጥተውት ሊሆን ይችላል። ሰባት ሰዓት ካሉ በሰባት ሰዓት በሩ ይንኳኳልና ወጡ በዚያ ሰዓት መድረስ አለበት። ለመጀመሪያው ጊዜ ከሦስት ወይም ከአራት ሰው በላይ አይጥሩ። የማይበሉትን ነገር አስቀድመው ይጠይቁ፤ ሥጋና ወተት የማይነኩ ሰዎች ብዙ ናቸው፣ ለእነሱ ደግሞ የጾም ምግባችን ያለ አንዳች ለውጥ ይሆናል። በእኔ ግምት የመጀመሪያው ግብዣ ሙሉ በሙሉ የጾም ቢሆን ማንንም አያስቀይምም፣ ወጪውንም ያቀልላል።

ብዙ ጊዜ የሚወስደው እንጀራው ነው። በትልልቅ ከተሞች የሐበሻ ሱቆች የተጋገረ እንጀራ ይሸጣሉ፤ ሱቅ በሌለበት ከተማ የሚኖር ሰው ግን ራሱ መጋገር ይኖርበታል። የጤፍ ዱቄት የተፈጥሮ ምግብ በሚሸጥባቸው መደብሮችም ይገኛል፣ ዋጋው ግን ከሐበሻ ሱቁ ይወደዳል። ዋጋውን ለመቀነስ የስንዴ ዱቄት የሚቀላቅሉ አሉ፤ ከእንግዶችዎ መካከል ግሉተን (በስንዴ ውስጥ ያለው ፕሮቲን) የማይስማማው ሰው ካለ ግን ንጹሕ ጤፍ ብቻ ይጠቀሙ፣ ምክንያቱም ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ትንሽ ስንዴ እንኳ ሕመም ነው።

ለእሑድ የሚቀርበው እንጀራ ረቡዕ ማታ ይቦካል። አንድ ኪሎ ዱቄት መጀመሪያ በጥቂት ለብ ያለ ውሃ ጠንከር አድርገው ያሹና ጓጉሉ ሲጠፋ ውሃ እየጨመሩ ያቅጥኑት፤ በአጠቃላይ ሊትር ተኩል ገደማ ውሃ ይበቃል። እርሾ ከሌላ ሐበሻ ማግኘት ካልቻሉ ከሱፐርማርኬት የሚገዛ ደረቅ እርሾ በቁንጥር ይበቃል። በክረምት የጀርመን ኩሽና ስለሚቀዘቅዝ ሊጡ እንደ አገር ቤት ቶሎ አይቦካም፤ ዕቃውን ከድነው ባልበራ ኦቨን ውስጥ የኦቨኑን አምፖል ብቻ አብርተው ቢያስቀምጡት ሙቀቱ ይበቃዋል። ቅዳሜ ጠዋት ከላይ የሰፈፈውን ቢጫ ውሃ በጠርሙስ ቀድተው ለሚቀጥለው ጊዜ ፍሪጅ ውስጥ ያስቀምጡ። ከዚያ ከሊጡ አንድ ኩባያ ያህል ወስደው በሚፈላ ውሃ ላይ እያማሰሉ አብሲት ይጣሉ፤ እንደ ገንፎ ወፈር ሲል ያውርዱትና ጣት የማያቃጥል እስኪሆን ካቀዘቀዙ በኋላ ከሊጡ ጋር ይቀላቅሉት። ሊጡ ተነፍቶ አረፋ ሲያወጣ ለመጋገር ደርሷል ማለት ነው። አብሲቱን ችላ የሚሉ ሰዎች አሉ፣ እንጀራቸው ግን ይደርቃል፣ ሲጠቀልሉትም ይሰነጠቃል።

ምጣድ ከሌለ የማያጣብቅ ሰፊ መጥበሻ ከነክዳኑ ያገለግላል። መጥበሻውን ያለ ዘይት በደንብ ያግሉት፣ ሊጡን ከዳር ወደ መሐል እያዞሩ ያፍስሱና ክዳኑን ሳይከድኑ ይመልከቱት። ዓይኑ መጀመሪያ ከዳር ጥቂት በጥቂት፣ ቀጥሎም በመሐሉ ሁሉ ይከፈታል፤ እርጥበቱ ከላዩ ሊጠፋ ሲል ይክደኑት፣ ዳሩ ብድግ ብድግ ሲል ያውጡት። ዓይኑ ሳይከፈት ከቀረ መጥበሻው አልጋለም ወይም ሊጡ ወፍሯል፤ ወዲያው ተከፍቶ ከታች ከያዘ ደግሞ እሳቱ በዝቷል። እያንዳንዱን በንጹሕ ጨርቅ ላይ አቀዝቅዘው ካልሆነ በቀር አይደራርቡ፣ ትኩሱ ከትኩሱ ይጣበቃልና።

ለወጡ የሚያስፈልገውን አብዛኛውን ነገር በየከተማው ካለው የቱርክ ሱቅ ያገኛሉ። ቀይ ምስር፣ ሽንኩርት በጆንያ፣ ቃሪያ፣ ጥቁር አዝሙድም ከዚያ ይገዛል፤ በርበሬ፣ ሽሮና ኮረሪማ ግን ከሐበሻ ሱቅ ወይም በፖስታ ይመጣሉ። ከአገር ቤት ሲመጡ በሻንጣ ቋንጣ ወይም ቅቤ አይያዙ፤ የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ከኅብረቱ ውጭ የሚመጣ ሥጋና የወተት ውጤት መንገደኛ ይዞ እንዲገባ ስለማይፈቅድ ጉምሩክ ላይ ይወሰዳል። ምስር ወጡን እንደ ልማዱ ሽንኩርቱን መጀመሪያ ያለ ዘይት በደንብ አቁላልተው ይሥሩት፣ በርበሬውን ግን ለራስዎ ከሚያደርጉት ግማሽ ያህሉን ብቻ ያድርጉ፤ አጠገቡ አልጫ ክክና ጥቅል ጎመን ካለ የሚያቃጥለው ሰው ይሸሽበታል። በክረምት ገበያውን የሚሞላው «ግሩንኮል» የተባለው ጎመን ለእኛ ጎመን ጥሩ ምትክ ነው፤ በሰሜን ጀርመን፣ በተለይም በብሬመንና በኦልደንቡርግ አካባቢ፣ ሰዎች በክረምት ተሰብስበው በእግር ከተጓዙ በኋላ የሚበሉት ጎመን ስለሆነ የዚያ አገር እንግዳ ካለዎት ወሬው ከዚያ ይጀምራል። በሚያቁላሉበት ጊዜ የኩሽናውን በር ዘግተው መስኮቱን ይክፈቱ፤ ሽታውን ወደ ጋራ ደረጃው ማስወጣት ጎረቤትን ያስከፋል።

ማዕዱ ላይ በአንድ ትሪ መብላት ለእንግዶቹ አዲስ ስለሆነ ከመቀመጣቸው በፊት በአጭሩ ያስረዱ፣ ለየብቻ መብላት ለሚፈልግ ሰውም ሳሕን አስቀምጡለት። ጉርሻ ከመስጠትዎ በፊት ፈቃድ ይጠይቁ። ከሁሉም የሚከብደን ግን «በሞቴ» ማለትን መተው ነው። እኛ እንግዳው እምቢ ሲል ሁለቴ ሦስቴ እንለምናለን፤ ጀርመናዊ «በቃኝ» ካለ በቅቶታል፣ ሲደጋገምበትም ይጨነቃል። በእነሱ ቤት ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፦ ምግብ የሚቀርበው አንዴ ተጠይቆ ነውና በይሉኝታ «አይ፣ ይቅርብኝ» ያለ ሰው ርቦት ወደ ቤቱ ይመለሳል። የፈለጉትን በመጀመሪያው ጥያቄ ይቀበሉ።

ወደ ቡናው ስንመጣ በመጀመሪያ ስለ ከሰል ልናገር፣ የሕይወት ጉዳይ ነውና። የጀርመን ቤቶች በሮችና መስኮቶች ብርድ እንዳያስገቡ ተደርገው ድፍን ብለው ይዘጋሉ፤ በእንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ከሰል ማቀጣጠል ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ያጠራቅማል፣ ሰውንም ይገድላል። በማግኔት ኃይል የብረት ዕቃን ብቻ በሚያሞቀው የኢንዳክሽን ምድጃ ላይ የሸክላ ጀበና ስለማይሠራ አነስተኛ የኤሌክትሪክ ምድጃ ገዝተው በዝግታ ያፍሉት። ጥሬ ቡናውን በኩሽናው ጭስ መሳቢያ ሥር ይቁሉት፤ በመኝታ ክፍልና በኮሪደር የጭስ ማስጠንቀቂያ መትከል በሕግ ግዴታ ስለሆነ ጭሱ ወደዚያ ካለፈ መሣሪያው ይጮኻል። እሑድ ቀኑን ሙሉ የጸጥታ ቀን ነው፤ ሙቀጫው ወለል ላይ ሲወቀጥ ከታች ያለው ቤት ይሰማዋልና ከሥሩ ወፍራም ፎጣ አጥፈው ያድርጉ ወይም ቡናውን በወፍጮ ይፍጩ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ መኖሩንና ቢያንስ አንድ ሰዓት እንደሚወስድ ገና ሲቀመጡ ይንገሯቸው፤ አለበለዚያ ከአንደኛው ስኒ በኋላ አመስግነው ይነሣሉ።

ከዚህ በኋላ ወዳጅነቱ ከቤት ውጭ መቀጠል አለበት። ብዙ ጀርመኖች ወዳጅ ያደረጉትን ሰው ወደ ጫካና ወደ ተራራ የእግር ጉዞ ይጋብዛሉ፤ እንደ ከባድ ስፖርት ቆጥረው አይሽሹት። ረጅሙን ወሬ ሁሉ የሰማሁት እንዲህ ባሉ ጉዞዎች ላይ ነው፤ በጠረጴዛ ዙሪያ ስለ ቤተሰቡ ቃል የማይተነፍስ ሰው ጎን ለጎን ሲራመድ ያወራል። ለጉዞው «ዶይችላንድቲኬት» የተባለው ወርሃዊ ትኬት ይረዳል። እ.ኤ.አ. በሜይ 2023 በ49 ዩሮ ተጀምሮ ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ዋጋው 63 ዩሮ ሆኗል፤ በመላው አገሪቱ በከተማ አውቶቡስ፣ በትራምና በክልል ባቡሮች ያስኬዳል፣ ፈጣኖቹን «አይሲኢ» እና «አይሲ» ባቡሮች ግን አይጨምርም። ከቢንገን ወደ ኮብሌንዝ የሚወስደው የክልል ባቡር የራይን ወንዝን ተከትሎ በአሮጌ ግንቦች ሥር ስለሚያልፍ ለአንድ ቀን ጉዞ እመክረዋለሁ። ቆሎና ድፎ ዳቦ ይያዙ። መንገድ ላይ ምግብ ቤት ከገባችሁ ሁሉም የየራሱን ሊከፍል ይችላልና ሒሳብ ለመክፈል አይታገሉ፤ እርስዎ ሁልጊዜ ከከፈሉ ወዳጅዎ ዕዳ እንዳለበት ይሰማውና ይርቃል።

ከአንድ ዓመት በኋላ ራስዎን ቢያዩ ተለውጠዋል። ቀጠሮ በደብተር ይይዛሉ፣ አምስት ደቂቃ የዘገየ ሰው ያናድድዎታል፣ ዝም ብሎ መቀመጥም አይከብድዎትም። ይህ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ሳይደውል ብቅ ያለውን ሐበሻ ወዳጅዎን በር ላይ ፊትዎን አጥቁረው የተቀበሉት ቀን ያስቡበት፣ ከእንግዶች ሁሉ ቀድሞ ያጽናናዎት እሱ ነበርና። ሁለቱን ወገን ለየብቻ ከመያዝ ይልቅ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ግብዣ ላይ ሁለት ሐበሻና ሁለት ጀርመናዊ አንድ ላይ ይጥሩ፣ በማዕዱ ላይም አማርኛ የማይሰማ ሰው እስካለ ድረስ ሁላችሁም፣ ቢንተባተብም፣ በጀርመንኛ አውሩ።