የአንጎል ደም ስር ሲቲ ሲበላሽ፦ ከመድገማችሁ በፊት

ይህን የምጽፈው አዳማ ውስጥ በሲቲ (በኤክስሬይ የሰውነትን ውስጥ ቁራጭ በቁራጭ በሚያነሳው ማሽን) ክፍል ለምትሠሩ ነው። ምስል ሲበላሽ እጃችን ቶሎ ወደ መድገም ይሄዳል። መድገም ግን ለታካሚው ሌላ ጨረር፣ ሌላ ኮንትራስት (ደም ስር በምስሉ እንዲደምቅ የሚወጋ ፈሳሽ) ነው። ስትሮክ ለተጠረጠረበት ሰው ደግሞ የባከነ ጊዜ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ምልክቱን እንየው።

ምስሉ ላይ ክብ ቀለበት አለ? ጥፋቱ የዲቴክተር፣ ማለትም በሰውነት ያለፈውን ኤክስሬይ የሚቀበለው ክፍል ነው። አንዱ የዲቴክተር ኤለመንት ከጎረቤቶቹ የተለየ ንባብ ሲሰጥ፣ ማሽኑ እየዞረ ስህተቱን ክብ አድርጎ ይስለዋል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ወይም በአዳማ ሙቀት ኤሲው ሲደክም ይህን ጠብቁ፤ ዲቴክተር የሙቀት መዋዠቅ አይወድም። ክፍሉ ይቀዝቅዝ፣ የማሽኑ ኤክስሬይ ቱቦ ይሙቅ፣ ከዚያ ጋንትሪው (ታካሚው የሚገባበት ቀለበት) ባዶ ሆኖ የአየር ካሊብሬሽን፣ ማለትም የዲቴክተሩን ንባብ በባዶ አየር ማስተካከል፣ ሥሩ። የጋንትሪውን መስኮትም ጥረጉ፤ የደረቀ የኮንትራስት ጠብታ ምስል ያበላሻል። ቀለበቱ ከዚህም በኋላ ካልጠፋ የባዮሜዲካል ባለሙያ ጥሩ።

ደም መልሱ ደምቆ ደም ቅዳው ከደበዘዘ ምስሉን በማንሳት ዘግይታችኋል። ሁሉም ከደበዘዘ ወይ ቀድማችኋል፣ ወይ ኮንትራስቱ በዝግታ ገብቷል። በቀኝ ክንድ 18 ወይም 20 ጌጅ ካኑላ (ደም ስር ውስጥ የሚገባ ቱቦ) አስገቡ። ኮንትራስቱን በሰከንድ ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሊትር ስጡ፣ ሳላይን (የጨው ውሃ) አስከትሉ። ልቡ የደከመ ሰው ደሙ ዘግይቶ ስለሚደርስ በቋሚ ሰከንድ አትሂዱ፤ ኮንትራስቱ ሲደርስ ማሽኑ ራሱ እንዲጀምር አድርጉ።

ቀድሞ በሕክምና ደም ስሩ ላይ በተደረገ ክሊፕ ወይም ኮይል አጠገብ ጥቁርና ነጭ ሰንበር ከታየ ብረቱ ነው። ማሽናችሁ የብረት ማስተካከያ ካለው ተጠቀሙበት።

ሁሉም ልክ ሆኖ ቀጫጭኖቹ ደም ስሮች ካልታዩስ? ይህ የዲቴክተሩ ወሰን ነው። የተለመደው ዲቴክተር ኤክስሬይን መጀመሪያ ወደ ብርሃን፣ ቀጥሎ ወደ ኤሌክትሪክ ይቀይራል። በየኤለመንቱ መሃል ብርሃን እንዳያልፍ ግድግዳ ስላለ እንደፈለጉ ማሳነስ አይቻልም። አዲሱ ፎቶን (የኤክስሬይ ቅንጣት) ቆጣሪ ዲቴክተር ግን እንደ ካድሚየም ቴሉራይድ ባለ ክሪስታል ኤክስሬይን በቀጥታ ወደ ኤሌክትሪክ ይቀይራል። እያንዳንዱን ፎቶን ይቆጥራል፣ ጉልበቱንም ይለካል። ስለዚህ 0.2 ሚሊ ሜትር ያህል ስስ ምስል ይሰጣል፣ በኮንትራስቱ ውስጥ ያለውን አዮዲን ከአጥንት ለመለየትም ያግዛል። አሜሪካ ለሕክምና የፈቀደችው በ2021 እ.ኤ.አ. ነው። ቢሆንም የሰዓት ስህተትን እሱም አያርምም።

ባላችሁ ማሽን ምስሉን በሚቻለው ስስ ቁራጭ እንደገና አዘጋጁ፤ ለዚህ ታካሚውን ዳግም ማንሳት አያስፈልግም። ትንሽ አኒዩሪዝም (የደም ስር ግድግዳ እብጠት) አሁንም ከተጠረጠረ በካቴተር (ደም ስር ውስጥ በሚገባ ቀጭን ቱቦ) የሚሠራው አንጂዮግራፊ (የደም ስር ምስል) እንዲታሰብ ለራዲዮሎጂስቱ ንገሩ።