የአያትን ውጅግራ ከዝገት ማዳን

በመንዝ፣ በተጉለትና በአንኮበር ግድም ከቆጥ የሚወርደው አሮጌ ጠመንጃ ብዙ ጊዜ ውጅግራ ነው። ስሙ ከፈረንሳይኛው «ፉዚ ግራ» የመጣ ነው፤ እ.ኤ.አ. የ1874 ሞዴል፣ ባለ 11 ሚሊሜትር፣ በጥቁር ባሩድ የሚሠራ፣ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ። በእጅዎ ያለው ቤልጅግ ወይም የጣሊያን ካርካኖ ቢሆንም አጠባበቁ ያው ነው። ሥራው ለመተኮስ አይደለም። ብረቱ አርጅቷል፣ እንዲቆይ ብቻ ነው የሚጠገነው።

«አሮጌ ነው፣ ማን ያየኛል» ማለት ኋላ ጣጣ ያመጣል። የጦር መሣሪያ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ስለሚገዛ መጀመሪያ የፈቃዱን ነገር ከፖሊስ ይጨርሱ፤ ታሪክ ያለው ከሆነ የወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤትም ይወቀው።

ከዚያ ባዶነቱን ያረጋግጡ። መዝጊያው ከተከፈተ ጥይት የሚጎርስበትን በዓይንም በትንሽ ጣትም ይፈትሹ። ዝጎ አልከፈት ካለ ቀጭን የእንጨት ዘንግ በአፈሙዙ በቀስታ ያስገቡና እስከየት እንደገባ ምልክት አድርገው ከውጭ ይለኩት፤ መዝጊያው ድረስ ካልደረሰ ውስጥ አንድ ነገር አለ ማለት ነው። በመዶሻ መነካካት የለም፤ ጠመንጃውን ካለበት ሳያንቀሳቅሱ ፖሊስ ይጥሩ።

ሲፈቱ የሚበላሸው ብሎን ነው። የዛሬ ካቻቪቴ ጫፉ ሾጠጥ ያለ ስለሆነ ከጠባቡ የድሮ ስንጥቅ ይንሸራተትና የብሎኑን ራስ ይበላዋል። ጫፉን በሞረድ ከስንጥቁ ልክ ያሳንሱት። ብሎኑ ላይ ላምባ ጠብ አድርገው አንድ ቀን ይተዉት፤ እምቢ ካለ ደግመው ሌላ ቀን ይጨምሩ። የእያንዳንዱን ቦታ በካርቶን ላይ ሥለው ብሎኑን እዚያው ይሰኩት፤ የጠፋ የውጅግራ ብሎን ከገበያ አይገኝም።

ዝገት ሁለት ዓይነት ነው። ቀይና በጣት የሚያቀልም ከሆነ ብረቱን እየበላ ነው፤ ጥቁር ቡናማና ለስላሳ ከሆነ ግን ዕድሜ ነው፣ አይነካም። ቀዩን በላምባ አርሰው አንድ ሌሊት ካሳደሩ በኋላ ሁለት ጣት በሚያህል የናስ ቁራጭ ጋደም አድርገው ይፋቁ። ናስ ከብረት ስለሚለሰልስ ዝገቱን አንስቶ ብረቱን አይጭርም። የብርጭቆ ወረቀት ግን ዓመተ ምሕረቱንና የፋብሪካውን ማኅተም ይዞ ይሄዳል። እንደ አዲስ ያብረቀረቀ ውጅግራ የተበላሸ ውጅግራ ነው።

የአፈሙዙን ውስጥ በዘይት ብቻ ማጽዳት የተለመደ ስህተት ነው። የጥቁር ባሩድ አመድ እርጥበት ይስባል፣ የድሮ ጥይቶች መለኮሻም ጨው ትቶ ይሄዳል፤ ጨው ደግሞ የሚሟሟው በውኃ እንጂ በዘይት አይደለም። ስለዚህ ብረቱን ከእንጨቱ ለይተው አንድ ሊትር የፈላ ውኃ በፈናል ያፍስሱበት። ብረቱ ስለሚግል ቶሎ ይደርቃል፤ ከዚያ በደረቅ ጨርቅ ወልውለው የስፌት መኪና ዘይት በስሱ ይቀቡ። ቅቤና ሞራ አይቀቡ፤ ሲቆዩ ሻግተው አሲድ ይሆናሉ፣ ያው ተመልሶ ዝገት ነው።

ለሰደፉ ከተልባ ዘይት የተሻለ የለም፣ ተልባ ደግሞ በአገራችን ሞልቷል። በመዳፍ አሽተው፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ የተረፈውን በጨርቅ ይጥረጉ። በደብረ ብርሃን ብርድ አንዱ ቅብ ለመድረቅ ሳምንት ሊፈጅ ይችላል፤ ቸኩሎ የደረበ እድሜ ልኩን የሚያጣብቅ ሰደፍ ያተርፋል። ዘይቱን የጠረጉበትን ጨርቅ ጠቅልለው አያስቀምጡ፤ በራሱ ግሎ ሊቀጣጠል ስለሚችል ዘርግተው ያድርቁት ወይም ውኃ ውስጥ ይንከሩት። የተሰነጠቀ አንገት በጠፍር ተጠፍሮ ወይም በናስ ተለብጦ ካገኙት አይፍቱት። የዚያን ዘመን ጥገና ነው፣ ከጠመንጃው ባልተናነሰ የሚጠበቅ።

ጥገናው ካለቀ በኋላ ጠላቱ ማስቀመጫው ነው። በጣርማ በር ጉም ውስጥ አሳልፈው ሞቅ ያለ ቤት ያስገቡት ብረት ያልበዋል፤ ጠርገው አየር አስመትተው ይስቀሉት። ከምድጃ ጭስ በላይ፣ ከጭቃ ግድግዳ ጋር አስጠግተው ወይም በቆዳ አፎት ውስጥ አያሳድሩት፤ ቆዳ እርጥበት ይዞ ያቆያል። በጥጥ ጨርቅ ይሸፍኑት። በሐምሌና በነሐሴ በየሁለት ሳምንቱ ነጭ ጨርቅ ያሳርፉበት፤ ጨርቁ ቀይ ይዞ ከተነሣ ከላምባው እንደገና ይጀምሩ።