የታፔት ቤት ቡሽ አስገብቶ የዘይት ግፊት መመለስ፣ ለድሮ ቪ8 ሞተር

ደብረ ብርሃን ላይ ጠዋት የዘይት ጌጅ አይታመንም። 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በብርድ ያደረ ዘይት እንደ ማር ወፍሮ ስለሚነሳ ያለቀለት ሞተርም ጥሩ ግፊት ያሳያል። ሸዋ ሮቢት ወርደህ ተመለስና ጣርማበርን ጨርሰህ ስትወጣ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳትረግጥ) አቁመህ ያኔ የሚያሳይህን ቁጥር ያዝ። የአሜሪካ ሞተር ሰሪዎች በየ1,000 ዙሩ 10 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) ይላሉ፣ ለመነሻ ጥሩ ልክ ነው።

ግፊቱ ሲወርድ ሰዉ ሁሉ የሚሮጠው ወደ ብሮንዚና (ኮሎው፣ ማለትም ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ፣ የሚያርፍበት) እና ወደ ዘይት ፓምፕ ነው። እሱም መታየት አለበት፣ ግን ታፔቱ (ካሙ እየገፋው ቫልቩን የሚያስከፍተው ቁራጭ) የሚንሸራተትበት ቤት ከሰፋ ትልቅ ፓምፕ ብታስርበት ዘይቱን በዛው ክፍተት ወደ ላይ ከመርጨት ውጪ ምንም አይፈይድም፣ ይባስ ብሎ ላይ እየተጠራቀመ ኮፓው (ታች ያለው የዘይት ገንዳ) ባዶ ይቀራል።

በሸቭሮሌት 350 እንሂድ፣ የሚታወቅ ስለሆነ። ማኒፎልዱን አንሳ፣ ዲስትሪቢዩተሩን አውጣና ፓምፑን በድሪል አዙረህ የትኛው ታፔት ዙሪያ ዘይት እንደሚፈስ በአይንህ እይ። እዚጋ ግን ተጠንቀቅ፣ ዲስትሪቢዩተሩ ራሱ የዘይት መስመር ስለሚዘጋ ባዶ ዘንግ ብቻ ከትተህ ካዞርክ ዘይቱ በዛ ያመልጥና በከንቱ ታፔቱን ትከሳለህ። ጥርሱ የወለቀለት አሮጌ ዲስትሪቢዩተር ፈልግ፣ በሱ አዙር።

ቀጥሎ ልኬት። የዚህ ሞተር ታፔት ውፍረት 21.39 ሚሜ ገደማ ነው፣ ቤቱን ከላይም ከመሀልም ከታችም፣ በሁለት አቅጣጫ ለካ፣ ምክንያቱም የሚበላው ክብ ሆኖ ሳይሆን ሞላላ ሆኖ ነው። በታፔቱና በቤቱ መሀል ከ0.03 እስከ 0.05 ሚሜ ጤነኛ ነው፣ 0.08 ካለፈ እኔ ቡሽ (የሰፋው ቤት ውስጥ የሚገባ አዲስ ቱቦ) ነው የምለው። በጣት ወዝውዞ "ትንሽ ይጫወታል" ማለት ልኬት አይደለም አቦ።

ቡሹ አብዛኛውን ጊዜ ብሮንዝ ነው። ዋናው ነገር ቀዳዳው የሚሰፋው በካምሻፍቱ መስመር ልክ በታሰረ መያዣ እንጂ የተበላውን ቀዳዳ ተከትሎ በእጅ ድሪል አይደለም፣ ድሪል የተጣመመውን ይበልጥ አጣሞ ነው የሚሄድ። ይሄን የሚሰራ ማሽን እዚህ ካጣህ ብሎኩን ጭነህ አዲስ አበባ ውሰደው፣ 130 ኪሎሜትር ነው፣ ብሎክ ከማበላሸት የመኪና ኪራይ ይሻላል። ቡሹ ተጠብቆ እንዲገባ ከቀዳዳው 0.03 ሚሜ ገደማ ይወፍራል፣ ከገባ በኋላ ውስጡ በሪመር ከዛም በሆን (በማለስለሻ ድንጋይ) ይስተካከላል።

አሁን የዘይት ቀዳዳው። የዘይት መስመሩ ቤቱን አቋርጦ ወደሚቀጥለው ታፔት የሚያልፍ ከሆነ መስመሩን ደፍኖ የገባ ቡሽ ከሱ በኋላ ያሉትን በሙሉ ያስጠማል። ስለዚ ቡሹ በውጪ በኩል ዙሪያውን ቦይ ይኖረዋል፣ ዘይቱ በዛ ዞሮ ያልፋል፣ ለታፔቱ ደግሞ ከ1 እስከ 1.5 ሚሜ የሆነች ቀዳዳ ትበሳለታለህ። የቀዳዳዋ ልክ ነው ወደ ላይ የሚሄደውን ዘይት የሚወስነው፣ የተረፈው ለኮሎው ይደርሳል። ሶሊድ (ድፍን) ታፔት በጠባቧ ይረካል፣ ሃይድሮሊክ ግን ከጠበበበት ጧ ጧ ማለት ይጀምራል ምክንያቱም ውስጡ በዘይት መሞላት አለበት፣ ለሱ ወደ ሰፊው ሂድ።

የቶዮታ 5ኤል ናፍጣ ሞተር ሰዎች አትደናገጡ፣ 5ኤል ካሙ ቴስታታ (የሞተሩ ራስ) ላይ ስለሆነ ይሄ ጣጣ የለበትም፣ የሱ ግፊት መውረድ በሌላ በር ነው የሚመጣው።

ስትገጥም ብሎኩን ከነመስመሮቹ በብሩሽ እጠብ፣ የብሮንዝ ብናኝ የትም ይሸሸጋል። እያንዳንዱ ታፔት ዘይት ተቀብቶ በራሱ ክብደት ቀስ ብሎ መውረድ አለበት፣ ከያዘ በመዶሻ አትምታው፣ አውጥተህ ቤቱን በሆን ዳስስ። ጠፍጣፋ ታፔት ከሆነ ሲሰራ መሽከርከር ስላለበት በእጅህ አዙረህም ሞክረው፣ ሮለር ከሆነ ደግሞ እንዳይዞር ማሰሪያው በቦታው ይሁን።

ከማስነሳትህ በፊት ጌጁ እስኪነሳ በድሪል ዘይት ግፋ። አዲስ ካም በጠፍጣፋ ታፔት ካሰርክ እንደተነሳ ሚኒሞ ላይ አትተወው፣ 2,000 ዙር አካባቢ ለ20 ደቂቃ ያዘው፣ ዚንክ ያለው ዘይት ይሁን። ከዛ ፊልትሮውን አውጥተህ ቅደድና ወረቀቱን ፀሀይ ላይ ዘርግተህ እይ፣ ወርቃማ ብልጭታ ትንሽ ብቻ ከሆነ ዘይት ቀይረህ ቀጥል፣ በጥፍር የሚነሳ ቅርፊት ካየህ ግን ሳታስነሳው ማኒፎልዱን መልሰህ አንሳ።