አገራዊ የሳተላይት አቅጣጫ ጠቋሚ እንዴት ይዘረጋል? የህንዱ ናቪክ እንደ ማሳያ

መጀመሪያ ሽፋኑን ወስኑ። እንደ ጂፒኤስ ዓለምን በሙሉ ለማዳረስ 24 ግድም ሳተላይት ያስፈልጋል። ህንድ ግን ግዛቷንና ከድንበሯ እስከ 1,500 ኪሎ ሜትር ያለውን ዙሪያ ብቻ ስለፈለገች ናቪክን በ7 ነደፈችው።

ሦስቱ በምድር ወገብ አናት፣ 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ከምድር ጋር እኩል ስለሚዞሩ ቆመው ይታያሉ። አራቱ ምህዋራቸው 29 ዲግሪ ያዘነበለ ነው። ሁሉንም በምድር ወገብ ላይ መደርደር አያዋጣም፤ ከህንድ ሲታዩ በደቡብ ሰማይ ስለሚሰለፉ የሰሜን–ደቡብ ልኬቱ ይበላሻል። ተቀባዩ መሣሪያ (ለምሳሌ ስልክ) በአንድ ጊዜ ቢያንስ 4 ሳተላይት ማየት አለበት፦ ሦስቱ ለቦታው፣ አራተኛው የራሱን ርካሽ ሰዓት ስህተት ለማረም።

ትልቁን ገንዘብና ጊዜ አቶሚክ ሰዓቱ ላይ አውሉ። ርቀቱ የሚሰላው ሞገዱ ከሳተላይቱ ለመድረስ ከወሰደው ጊዜ ስለሆነ የአንድ ናኖሰከንድ (የሰከንድ ቢሊዮንኛ) ስህተት 30 ሴንቲ ሜትር፣ የአንድ ማይክሮሰከንድ (የሰከንድ ሚሊዮንኛ) ደግሞ 300 ሜትር ያሳስታል። እ.ኤ.አ. በ2013 የመጠቀው የመጀመሪያው የናቪክ ሳተላይት ከውጭ የተገዙ ሦስት የሩቢዲየም (የአቶሚክ ሰዓት ዓይነት) ሰዓቶች ነበሩት፤ ሦስቱም ቆሙ። ሳተላይቱ በሕይወት ቢቆይም ቦታ ማመልከት አልቻለም። ከአንድ አምራች የመጡ ሦስት ሰዓቶች አንድ ዓይነት ጉድለት ካላቸው መጠባበቂያ አይባሉም። ህንድ አገር ውስጥ የሠራችውን የሩቢዲየም ሰዓት በግንቦት 2023 አመጠቀች።

ተተኪ ሳተላይትም አስቀድሞ መሬት ላይ ይዘጋጅ፣ ያውም ከአንድ በላይ። በነሐሴ 2017 የተላከው ምትክ የሮኬቱ ሽፋን ሳይከፈት ቀርቶ ጠፋ፤ ሌላው የደረሰው በሚያዝያ 2018 ነው። በጥር 2025 የመጠቀው ደግሞ የኦክሲዳይዘር (ነዳጁን የሚያነድድ ኬሚካል) ቫልቩ ስላልተከፈተ ከታሰበለት ምህዋር አልደረሰም።

የምድር ጣቢያዎችን በተቻለ መጠን አራርቁ። የሳተላይቱን ርቀት ከተለያየ አቅጣጫ ለክተው የምህዋሩንና የሰዓቱን እርማት መልሰው ይልኩለታል።

በመጨረሻ ሞገዱ። ሁለት ሞገድ ያለው ተቀባይ አዮኖስፌር (በኤሌክትሪክ የተሞላው የከባቢ አየር የላይኛው ክፍል) የሚያመጣውን መዘግየት ራሱ ያሰላል፤ ናቪክም 1176.45 እና 2492.028 ሜጋኸርዝ መረጠ። ችግሩ፣ አብዛኛው ስልክ የሚሰማው 1575.42ን ነው፤ እሱ የተጨመረው በ2023ቱ ሳተላይት ነው። ከቺፕ አምራቾች ጋር መነጋገር ያለባችሁ ሞገዱ ገና ወረቀት ላይ ሳለ ነው።