«ጥናት አረጋገጠ» ከማለታችን በፊት፦ የሆስፒታል ጥናት ስናነብ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደሴ ላይ ከሕክምና ጋር የሚያገናኘው ሥራ ወይም ሕመም ያለበት ሰው ሁሉ ስልኩ ውስጥ አንድ ሁለት ጥናት አያጣም። ሬዚደንቱ ለጠዋት ስብሰባ፣ ነርሷ ለማስተርስ ማሟያ ጽሑፏ፣ የመድኃኒት ቤት ባለሙያው ለደንበኛው መልስ ለመስጠት፣ አስታማሚው ደግሞ ለአባቱ ሕመም መላ ፍለጋ ያነበዋል። ማንበቡ መልካም ነው፤ እንዲያውም ይብዛ እላለሁ። የሚያሳስበኝ ጥናቱ ከትልቅ ማስተማሪያ ሆስፒታል ከወጣ በስሙ ክብደት ብቻ ማንም ሳይጠይቀው ማለፉ ነው። በማግስቱ የሕክምና ትእዛዝ ውስጥ፣ የሬዲዮ ዜና ውስጥ፣ ቡና ላይ ወሬ ውስጥ ታገኙታላችሁ። የውስጥ ደዌም ይሁን የቀዶ ሕክምና፣ የሕፃናትም ይሁን የማህፀንና ጽንስ፣ ማንኛውንም ጥናት ስንከፍት መጀመሪያ ልንጠይቅ የሚገባን፦ እዚህ ውስጥ የተቆጠረው ማን ነው? ሳይቆጠር የቀረውስ?

ሆስፒታል የደረሰውን ቆጥሮ ስለ አገሩ ሁሉ መናገር

የደሴ አጠቃላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የሚያክመው የደሴን ሰው ብቻ አይደለም። ከወረኢሉ፣ ከለጋምቦ፣ ከደላንታ፣ ከባቲ፣ ከአፋር ቆላም ጭምር ሪፈር ተጽፎለት የሚመጣ አለ። ምጥ የጠናባት እናት መጀመሪያ ጤና ጣቢያ፣ ቀጥሎ በአቅራቢያው ያለ ትንሽ ሆስፒታል፣ ከዚያ አምቡላንስ ተጠብቆ ደሴ እስክትገባ ብዙ ሰዓት አልፏል። ደም ፈሷት፣ ተዳክማ ነው የምትደርሰው። ማዋለጃ ክፍሉ የሚመዘግበው ሞት የዚያን መንገድ ሁሉ መዘግየት የተሸከመ ነው። ሰፈሯ ባለው ጤና ጣቢያ በሰላም የተገላገለችው ግን የትልቁ ሆስፒታል መዝገብ ላይ የለችም። እንግዲህ «በሪፈራል ሆስፒታል የሚሞቱ እናቶች ቁጥር ከጤና ጣቢያ ይበልጣል» የሚል ቁጥር አይቶ «ሆስፒታል ሄዶ መውለድ አደጋ አለው» ማለት ነገሩን ገልብጦ ማንበብ ነው። ይህ ወሬ አንዲት ነፍሰ ጡር እቤቷ ካስቀረ ነፍስ ያጠፋል፤ እንደ ተራ የንባብ ስህተት የማላየውም ለዚህ ነው።

የመድኃኒት መላመድ ጥናቶችም ላይ ይኸው ነው የሚሆነው። ካልቸር (ባክቴሪያውን ላብራቶሪ ውስጥ አሳድጎ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው የሚያሳይ ምርመራ) በአብዛኛው የሚላክለት መጀመሪያ የታዘዘው መድኃኒት አልሠራለት ያለ፣ ተኝቶ የሰነበተ፣ ወይም ከዚህም ከዚያም አንቲባዮቲክ ሲወስድ ቆይቶ የመጣ ሕመምተኛ ነው። ከእነዚህ ናሙናዎች ብዙዎቹ መድኃኒት የተላመደ ባክቴሪያ ቢገኝባቸው አይገርምም። ያንን መቶኛ ወስዶ ከሰኞ ገበያ በእግሯ መጥታ «ሽንቴን ያቃጥለኛል» ለምትል፣ ከዚህ በፊት ምንም መድኃኒት ላልወሰደች ሴት «የተለመደው መድኃኒት አብቅቶለታል» ብሎ ጠንካራውን ማዘዝ ስህተት ነው። ዛሬ ያለ ቦታው የተሰጠው ጠንካራ መድኃኒት ነገ ዋርድ ውስጥ ለተኛው መጨረሻው መሣሪያ ነበር።

በአሜሪካው ማዮ ክሊኒክ ይሠራ የነበረው የስታቲስቲክስ ባለሙያ ጆሴፍ በርክሰን እ.ኤ.አ. በ1946 ያሳየውም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ሁለት ሕመሞች ውጭ በሕዝቡ ዘንድ ምንም የማይገናኙ ሆነው ሳለ፣ ሆስፒታል ውስጥ ብቻ ከተፈለጉ የተያያዙ ሊመስሉ ይችላሉ። ምክንያቱ ሁለቱም ያሉበት ሰው አንዱ ብቻ ካለበት ይልቅ አልጋ የመያዝ ዕድሉ የሰፋ መሆኑ ነው። ዝምድናውን የፈጠረው የሆስፒታሉ በር እንጂ ሰውነታችን አይደለም።

ኤኦአርን እንዳለ «እጥፍ» ማለት

በየጠዋቱ ስብሰባ የምሰማው ስህተት ስለሆነ ጠጋ ብለን እንየው። የአገራችን የሆስፒታል ጥናት አብዛኛው አንድ ጊዜ ተለክቶ የሚያልቅ፣ ክሮስ ሴክሽናል የሚባለው ዓይነት ነው፤ መጨረሻው ሠንጠረዥ ላይም ኤኦአር (የሌሎች ነገሮች ተጽዕኖ ታስቦ የተስተካከለ ኦድስ ሬሾ) የሚል ዓምድ አለ። 2.25 የሚል ቁጥር ሲታይ «2.25 እጥፍ የበለጠ ይያዛሉ» ተብሎ ይነበባል፤ እንደዚያው ተብሎም ይጻፋል።

ለስሌት ያህል ክትትል ላይ ያሉ 100 የገጠርና 100 የከተማ የስኳር ሕመምተኞች አሉ እንበል። ከገጠሮቹ 60፣ ከከተሞቹ 40 ስኳራቸው አልተስተካከለም። ስልሳን ለአርባ ብታካፍሉ 1.5 ነው፤ ሰው «እጥፍ» ሲባል የሚረዳው ይህንን ነው። ኦድስ ሬሾ ግን ሌላ ስሌት ይሠራል፤ ያልተስተካከለላቸውን ለተስተካከለላቸው ያካፍላል። በገጠር 60 ለ40፣ ማለትም 1.5፤ በከተማ 40 ለ60፣ ማለትም 0.67። ሁለቱ ሲካፈሉ 2.25 ይመጣል። ሕመምተኞቹ እነዚያው ሆነው ቁጥሩ ግን አድጎ ታየ። ነገሩ እምብዛም የማይከሰት ሲሆን፣ ለምሳሌ ከመቶ ሁለትና ከመቶ አንድ ሲሆን፣ ሁለቱ ስሌቶች ይቀራረባሉና ችግር የለውም። የእኛ ጥናቶች የሚለኩት ግን ብዙ ጊዜ ብዙ ሰው ላይ የሚገኝን ነገር ነው፤ እዚያ ላይ ልዩነቱ ሰፊ ነው። ዜና የምትሠሩ፣ እባካችሁ እጥፉን ትታችሁ ከመቶ ስንት እንደሆነ ጻፉ።

ከቁጥሩ ጎን በቅንፍ የሚቀመጠውን «ከዚህ እስከዚህ» የሚል የቁጥር ክልልም (ኮንፊደንስ ኢንተርቫል) አትዝለሉት። ከ1.02 እስከ 7.9 የተለጠጠ ከሆነ ጥናቱ ያያቸው ሰዎች ጥቂት ናቸው፤ እውነቱ ከዚህ ዳር እስከዚያ ዳር የትም ሊሆን ይችላል።

አብሮ የተገኘውን ሁሉ ምክንያት ማድረግ

ካርድ ተገላብጦ «ኦክስጅን የተሰጣቸው ካልተሰጣቸው በላይ ሞተዋል» የሚል ውጤት ሊገኝ ይችላል። ኦክስጅን የተሰጣቸው መጀመሪያውኑ የባሰባቸው ስለነበሩ ነው። ይህን ሁሉም ያውቃል፤ መድኃኒቱ አዲስ፣ ስሙ የማይታወቅ ሲሆን ግን እንዘነጋዋለን።

ለአንዱ የተፈተነውን ለሌላው መስጠት

ኮምቦልቻ መድኃኒት ቤት መስኮት ላይ አንድ ወጣት ቆሟል።

«እህቴ፣ ዴክሳ ስጪኝ። አባቴን ሳል ይዟቸዋል።»

«ማን አዘዘላቸው ወንድሜ?»

«በኮሮና ጊዜ ስንቱን ያዳነ መድኃኒት አይደል? ጥናት አለው።»

«ትንፋሽ ያጥራቸዋል? ኦክስጅናቸው ተለክቷል?»

«ኧረ ደህና ናቸው፣ ገበያ ውለው መጡ።»

ወጣቱ ጥናት አለው ማለቱ እውነት ነው። እንግሊዝ አገር የተካሄደው ሪከቨሪ የተባለው ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2020 በቀን 6 ሚሊ ግራም ዴክሳሜታዞን እስከ 10 ቀን የተሰጣቸውን የኮቪድ ሕመምተኞች ካልተሰጣቸው ጋር አነጻጽሮ ነበር። መተንፈሻ መሣሪያ ላይ ከነበሩት፣ ካልወሰዱት 41.4 በመቶ፣ ከወሰዱት 29.3 በመቶ በ28 ቀን ውስጥ ሞቱ። ኦክስጅን ብቻ ይሰጣቸው ከነበሩት 26.2 በመቶው ወደ 23.3 ወረደ። ኦክስጅን ያላስፈለጋቸው ላይ ግን ጥቅም አልታየም፤ ከወሰዱት 17.8፣ ካልወሰዱት 14 በመቶ ሞተዋል። ገበያ ውለው የሚመጡት አባት ከሦስተኛው ወገን እንኳ አይደሉም፤ ሦስተኛዎቹም ኮቪድ የተገኘባቸውና ሆስፒታል የተኙ ነበሩ። ዴክሳ ስኳር ከፍ ያደርጋል፣ የሰውነትን መከላከያ ያዳክማል፣ የተደበቀ ቲቢም ሊቀሰቅስ ይችላል። ባለሙያዋ «አብሽር፣ መጀመሪያ ይመርመሩ» ብላ መመለሷ ጥናቱን እስከ መጨረሻው ያነበበ ሰው ሥራ ነው።

የደም ግፊቱ ስፕሪንት የተባለ ጥናትም እንዲሁ በከፊል ነው የተጓዘው። እ.ኤ.አ. በ2015 የላይኛውን ግፊት ከ120 በታች ማውረድ ከ140 በታች ከማድረግ ይልቅ የልብና የስትሮክ አደጋን በሩብ እንደሚቀንስ አሳየ። ሩቡ በዓመት ከ2.19 በመቶ ወደ 1.65 በመቶ መውረድ ማለት ነው። ጥቅም ነው፤ ግን ከ«25 በመቶ» ጋር አብሮ ይነገር። ደግሞም ስኳር ያለባቸውና ስትሮክ መትቷቸው የሚያውቁ ሰዎች ጥናቱ ውስጥ አልነበሩም። ክትትል ክፍላችን ወንበር ላይ ከሚጠብቁት ስንቶቹ ስኳርና ግፊት አብሮ እንዳለባቸው ደግሞ እዚያ የሠራ ያውቀዋል።

የሌላ ቦታን ውጤት እንዳለ ማምጣት

ራሱን የሳተ ትኩሳታም ሕፃን ይዘው ሲገቡ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚለው «ግሉኮስ ስቀሉለት» ነው። ለረጅም ጊዜ የሐኪሞችም መመሪያ ደም ዝውውሩ ለደከመ ሕፃን ፈሳሽ በፍጥነት መስጠት ነበር። ልማዱ የጠና ሕሙማን ማቆያ ካላቸው የሀብታም አገር ሆስፒታሎች የመጣ ነው። ፊስት የተባለው ሙከራ ይህንን በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያ በ3,141 ሕፃናት ላይ ፈተነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣው ውጤት መሠረት ፈሳሽ በፍጥነት ከተሰጣቸው በ48 ሰዓት ውስጥ የሞቱት ከመቶ አስር ተኩል ገደማ፣ ቀስ ተብሎ ከታከሙት 7.3 ነበሩ። በቅን ልቦና የሚሰጠው ሕክምና እየጎዳ ነበር ማለት ነው። ተቅማጥ አሟጦት የመጣ ሕፃን ግን ከዚህ ጥናት ውጭ እንደነበር አስምሩበት፤ እሱ ፈሳሽ ያስፈልገዋል።

የእኛ ቦታ እርስ በርሱም አንድ አይደለም። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የሐረጎን ጠመዝማዛ ወርደን ኮምቦልቻ ስንገባ 1,850 አካባቢ እንደርሳለን። የሄሞግሎቢንና የኦክስጅን መጠን በከፍታ ይለያያል፤ በባሕር ጠረፍ ሆስፒታል የወጣ የደም ማነስ መለኪያ ሳይስተካከል ደሴ ላይ ቢሠራበት ደም ማነስ ያለባት ሴት «ደህና ነሽ» ተብላ ልትመለስ ትችላለች።

ምርመራም እንዲሁ። አንድ መርመሪያ ከመቶ ታማሚ 95ቱን የሚያገኝ፣ ከመቶ ጤነኛም 95ቱን ነፃ የሚል ነው እንበል። ቆላ ላይ ከ1,000 ትኩሳታም 200ው ወባ ቢኖርባቸው፣ 190 እውነተኛና 40 የሐሰት ፖዘቲቭ ይገኛል፤ ፖዘቲቭ ማለት በአብዛኛው ወባ ነው። ደጋ ላይ ከ1,000ው 20 ብቻ ቢኖርባቸው፣ እውነተኛው 19፣ የሐሰቱ 49 ይሆናል። መርመሪያው ሳይለወጥ ትርጉሙ ተለወጠ።

ወረቀት ላይ የተሻለውን ሰውዬው ተሻለው ማለት

ካስት የተባለው ሙከራ ድንገተኛ የልብ ሕመም (ኸርት አታክ) ከመታቸው በኋላ የልብ ምታቸው የሚዛባ ሰዎችን ይዞ ነበር። ፍሌካይናይድና ኤንካይናይድ የተባሉት መድኃኒቶች መዛባቱን በደንብ ያጠፉ ነበር፤ ኢሲጂው (የልብ ምት ምርመራው) ያማረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ይፋ ሲሆን ግን መድኃኒቱን የወሰዱት ካልወሰዱት በላይ እየሞቱ ተገኙ። የላብራቶሪ ቁጥር ተስተካከለ የሚል ጥናት ስታዩ፣ ሰዎቹ በሕይወት ሰነበቱ ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

የጠፋውን ካርድ እንደሌለ መቁጠር

«መረጃው ያልተሟላ ካርድ ከጥናቱ ወጥቷል» የሚል ዓረፍተ ነገር በብዙ ጥናት ውስጥ አለ። ካርድ ክፍል የገባ ሰው ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ሌሊት መጥቶ ሳይነጋ ያረፈ ሕመምተኛ ካርዱ ሁለት መስመር ነው፤ ሙሉ ካርድ ያለው የሰነበተው ነው። ያልተሟላውን ስናወጣ ሟቾቹን እያወጣን ሊሆን ይችላልና ስንት እንደወጣ፣ ለምን እንደወጣ ያልጻፈ ጥናት የሞት ቁጥሩ አይታመንም። የ2014 ዓ.ም. ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ደግሞ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፣ አገልግሎትም ተቋርጧል። ያንን ዓመት ጨምሮ የተሠራ ግራፍ ላይ የሕመምተኛ ቁጥር ቢወርድ፣ በሽታው ቀንሶ ነው ለማለት የሚደፍር መጀመሪያ በሩ ክፍት እንደነበር ያረጋግጥ።

በ30 ሰው ሞክረን «ምንም የጎንዮሽ ጉዳት አልታየም» የሚለውም ከዚሁ ወገን ነው። ከ30 ዜሮ ሲገኝ እውነተኛው እስከ ከመቶ 10 ሊደርስ ይችላል፤ ሦስትን ለተጠኚው ቁጥር ማካፈል በቂ ግምት ይሰጣል።

«መሞከሪያ ልሆን አልፈልግም» ብሎ ሳይሰሙ መመለስ፣ ሳያስረዱ ማስፈረምም

ሁለቱም ወገን ይሳሳታል። የዓለም ሕክምና ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1964 ሄልሲንኪ ላይ ባጸደቀው፣ በ2024ም ባሻሻለው መግለጫ መሠረት ሰው ተረድቶ በፈቃዱ ይገባል፣ በፈለገ ጊዜ ይወጣል፣ በመውጣቱም ሕክምናው አይጓደልበትም። ሆኖም መረጃ ሰብሳቢው ቸኩሎ፣ ኮሪደር ላይ አስታማሚውን «እዚህ ጋ ፈርም» ሲል ይታያል። ማንበብ የማይችሉት እናት ደግሞ ፈርተው እምቢ ይላሉ። እሳቸውና የመሰሏቸው ሁሉ ከቀሩ ጥናቱ የከተማና የተማረ ሰው ጥናት ሆነ ማለት ነው፤ ነገ የሚወጣው መመሪያም እሳቸውን አያውቃቸውም።

ስለዚህ ስትጠየቁ ጠይቁ፦ የምትወስዱት ደም ነው ወይስ ካርዴን ማየት ብቻ? ስሜ ይጻፋል? ካልተስማማሁ ሕክምናዬ ይቀጥላል? ቅሬታ ካለኝ የሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴውን የት አገኛለሁ? ውጤቱንስ ማን ይነግረኛል? የመጨረሻው ጥያቄ መልስ የሚያጣው ነው፤ ውጤቱ በእንግሊዝኛ ታትሞ ይቀራል። የደሴ ተመራማሪዎች ጥናቱ በተሠራበት ዋርድ ግድግዳ ላይ በአማርኛ ግማሽ ገጽ ቢለጥፉ፣ ከላይ የማን ሰዎች እንደተቆጠሩ፣ ከታች ከመቶ ስንቱ ምን እንደሆነ ቢጽፉ፣ ወጪው የአንድ ወረቀት ነው።