የክለብ ዲጄ የመጀመሪያ አልበሙን ከተጋባዥ ድምፃውያን ጋር እንዴት ይሠራል?

በክለብ ውስጥ ለዓመታት ሕዝብ ሲያስጨፍር የኖረ ዲጄ የራሱን አልበም ለመሥራት ሲነሣ ትልቁ ሀብቱ ጆሮው ነው። የትኛው ምት የትኛውን እንደሚከተል፣ ተጨፋሪው መቼ እንደሚደክምና መቼ እንደሚነቃ ከማንም በላይ ያውቃል። ይሁን እንጂ ያለቁ ሁለት ዘፈኖችን ማያያዝና ገና ባልተወለደ ዘፈን ውስጥ የክለብ ምትን፣ የሀገር ቤት ቅኝትንና የሰው ድምፅን ማስማማት የተለያዩ ሙያዎች ናቸው። ይህን የተረዳሁት በመጀመሪያ አልበሜ ላይ ሠርቼ የጨረስኳቸውን ሦስት ዘፈኖች ከጣልኩ በኋላ ነው።

በመጀመሪያ የሚቀላቅሏቸውን ስልቶች ይወስኑ። በመድረክ ላይ ደጋግመው የተጫወቷቸውንና ሕዝቡ የተቀበላቸውን ሦስት ወይም ቢበዛ አራት ስልቶች፣ ለምሳሌ ሃውስን (በእኩል የኪክ ምት የሚሄደውን የኤሌክትሮኒክ የጭፈራ ሙዚቃ)፣ ሬጌንና ችክችካን መምረጥ ይበቃል። ከዚያ በላይ ስልት የታጨቀበት አልበም የማን እንደሆነ ለመለየት ያስቸግራል።

ቀጥሎ ድምፃውያንን ይጋብዙ። ግብዣው ቅንብሩ ከማለቁ በፊት፣ እንዲያውም ከመጀመሩ በፊት ቢሆን ይመረጣል። ዝነኛ ስም አልበምን ለጥቂት ሳምንታት ያስወራ ይሆናል፤ አልበሙን የሚያቆየው ግን ለዘፈኑ የሚስማማ ድምፅ ነው። ድምፃዊውን ወይም ድምፃዊቷን ያለ ምንም ከበሮ፣ በአንድ ክራር ወይም በኪቦርድ ብቻ አዘፍነው በስልክዎ ይቅረጹ። ከፍተኛውና ዝቅተኛው ኖታ የት ላይ እንደሆነ፣ ድምፁ የሚሞቀውና የሚሳሳው የት እንደሆነ ማስታወሻ ይያዙ።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው እርምጃ ብዙ ዲጄዎች የሚሰናከሉበት ስለሆነ ሰፋ አድርጌ እገልጸዋለሁ። እኔ የሠራሁት ስሕተት ሙሉ የሃውስ ቅንብር ጨርሼ፣ ቤዙን (ወፍራሙን የታች ድምፅ) እና ኮርዱን (በአንድ ላይ የሚመቱ ኖታዎችን) ደርድሬ፣ ከዚያ ከሀገር ቤት ቅኝቶች አንዱ በሆነው በአንቺሆዬ የምታዜም ድምፃዊት መጥራቴ ነበር። የሃውስ ቤዝ ብዙ ጊዜ ከመነሻው ኖታ ወደ አምስተኛው ይመላለሳል፤ መነሻው ዶ ከሆነ አምስተኛው ሶል ነው። በአንቺሆዬ ውስጥ ግን ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላትና ላ እንጂ ሶል የለም (ፍላት ማለት በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ነው)። ስለዚህ እርሷ ሶል ፍላትን ስታዜም ቤዙ ከሥር ሶልን ሲመታ ሁለቱ በግማሽ ድምፅ ተራርቀው ይጋጩ ነበር። ጥፋቱ የእርሷ መስሎኝ ድምፅ የሚያስተካክለውን ሶፍትዌር ጫንኩበት። ሶፍትዌሩ እያንዳንዱን ኖታ ቀጥ አድርጎ ሲያሰልፈው ቅላጼዋ ሙሉ በሙሉ ጠፋ። ያን ቀረጻ ዛሬም ሳዳምጠው ያሳዝነኛል፤ በዚያ ዕለት የዘፈነችው እጅግ ቆንጆ ነበርና።

መፍትሔው ቅኝቱን አስቀድሞ ማወቅና ቅንብሩን በእርሱ ላይ መገንባት ነው። በአንቺሆዬ ቤዙን በዶ ላይ ማቆየት ወይም በዶና በፋ መካከል ብቻ ማመላለስ፣ ኪቦርዱንም በአምስቱ ኖታዎች መወሰን ይጠቅማል። በአምባሰል (ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት) ሶል ስላለ ቤዙ አይቸገርም፤ ነገር ግን የዶ ማጆር ኮርድ ቢመቱ በቅኝቱ ውስጥ የሌለው ሚ ስለሚገባ ስሜቱ ወዲያው ይፈርሳል። በእርሱ ፋንታ የሬ ፍላት ማጆር ወይም የፋ ማይነር ኮርድ ይጠቀሙ። ትዝታ ማጆር (ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ) ከሁሉ የሚቀልለው ነው፤ የዶ ማጆርም የላ ማይነርም ኮርድ ከራሱ ኖታዎች ስለሚወጣ ለጀማሪ የምመክረው እርሱን ነው። ሙላቱ አስታጥቄ አምስት ኖታ ያላቸውን ቅኝቶቻችንን ከጃዝ ጋር ሲያገናኝ ያደረገውን ጥንቃቄ በጆሮ መከታተል ከብዙ የኢንተርኔት ትምህርት ይበልጣል።

የምቱም ነገር ከዚህ አይለይም። ችክችካ እያንዳንዱ ዋና ምት በሦስት የሚከፈልበት ስልት ሲሆን፣ የሙዚቃ ሶፍትዌሮች ግን ሲከፈቱ በአብዛኛው ምቱን በአራት ከፍለው ነው የሚያቀርቡት። የከበሮ ቀረጻ በዚህ መስመር ላይ በራሱ እንዲስተካከል ከታዘዘ አካሄዱ ይደነዝዛል፤ እስክስታ የሚያውቅ ትከሻም አይከተለውም። የሶፍትዌሩን መስመር ወደ ትሪፕሌት (ምቱን በሦስት ወደሚከፍለው) ይቀይሩት፤ በአንድ ባለ አራት ምት ቤት (ባር) ውስጥ 12 ክፍሎች ይኖሩዎታል ማለት ነው። የሃውስን ኪክ (ወፍራሙን የከበሮ ምት) በአራቱ ዋና ዋና ምቶች ላይ ካሳረፉ፣ በደቂቃ 120 ምት ላይ ሁለቱ ስልቶች ሳይገፋፉ አብረው ይሄዳሉ። ክራርና ማሲንቆ የሚጨመሩ ከሆነ ከቀረጻው በፊት ከኪቦርዱ ጋር መቃኘት አለባቸው፤ ከተቀረጹ በኋላ በኮምፒውተር ለማስተካከል መሞከር የጅማቱንና የጭራውን ለዛ ያበላሻል።

ለቀረጻው ውድ ማይክሮፎን ከመግዛት ይልቅ ክፍሉን በወፍራም መጋረጃና በብርድ ልብስ ጸጥ ማድረግ ይቀድማል። በ24 ቢት ይቅረጹ፤ እያንዳንዱንም ዘፈን ቢያንስ ሦስት ጊዜ ያዘፍኑ።

ድምፃዊው ማይክሮፎን ፊት ከመቆሙ በፊት ግን የጽሑፍ ስምምነት ይፈረም። በቃል ብቻ ተስማምተን የቀረጽነው አንድ ዘፈን ነበረኝ። አልበሙ ሊወጣ ሁለት ሳምንት ሲቀረው በክፍያው ላይ ስላልተግባባን ዘፈኑን ከአልበሙ ለማስወጣት ተገደድኩ፤ የዘፈኖቹም ቅደም ተከተል ፈረሰ። በስምምነቱ ላይ ግጥሙ፣ ዜማውና ቅንብሩ የማን እንደሆነ፣ ድምፃዊው በአንድ ጊዜ ክፍያ ወይም በድርሻ እንደሚከፈለው፣ ዘፈኑን በራሱ መድረክ ላይ መጫወት ይችል እንደሆነ በግልጽ ይስፈር። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲንና የከዋኝን (እንደ ድምፃዊ ሥራውን የሚጫወተውን ሰው) መብት ለየብቻ የሚያውቅ ሕግ ነው። የደራሲው ኢኮኖሚያዊ መብትም ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ስለሚቆይ፣ ከድሮ ሸክላ ላይ ቁራጭ ወስዶ በሃውስ ምት ላይ መለጠፍ ዲጄዎች እንደሚያስቡት ነጻ አይደለም። ዜማው የሕዝብ ቢሆን እንኳ ቀረጻው ባለቤት ሊኖረው ይችላልና ፈቃድ ይጠይቁ፤ ካልተገኘም ዜማውን በራስዎ ሙዚቀኞች አስቀርጹት።

ሚክሲንጉን (የተቀረጹትን ድምፆች እርስ በርስ የማመጣጠኑን ሥራ) ከቻሉ ለሌላ ባለሙያ ይስጡ። የክለብ ጆሮ ቤዝ ስለሚወድ የድምፃዊውን ግጥም ሳያውቀው ይሸፍናል፤ እኔም በዚህ ተወቅሻለሁ፤ ወቀሳውም ትክክል ነበር። ማስተሪንግ (ዘፈኑን ለሕትመት የማዘጋጀት የመጨረሻ ሥራ) ላይ ድምፁን ከልክ በላይ መግፋት ጥቅም የለውም፤ ስፖቲፋይን የመሳሰሉ መድረኮች መልሰው ዝቅ ያደርጉታልና የሚቀርዎት የታፈነ ድምፅ ብቻ ነው።

ማስተሪንጉ ከመጠናቀቁ በፊት ዘፈኖቹን ሰው በሞላበት ምሽት ሳያስተዋውቁ በመካከል ያጫውቷቸውና ተጨፋሪው የት ላይ እንደሚቆም ይመልከቱ። በብዙ ክለቦች ድምፁ በግራና በቀኝ ሳይለይ ስለሚወጣ፣ ቤዙ በሞኖ ሲደመጥ የማይጠፋ መሆኑንም በዚያው ያረጋግጡ። በመጨረሻም ለእያንዳንዱ የጭፈራ ዘፈን ሁለት ቅጂ ያዘጋጁ፤ አንዱ ለአድማጭ በአጭሩ ወደ ዜማው የሚገባ፣ ሌላው ለዲጄዎች መግቢያውና መውጫው ላይ 16 ቤት ምት ብቻ ያለው ይሁን።