የትንኝ ማባረሪያ ቅባት በድሬዳዋ ሙቀት እንዴት ይቀባል?

የትንኝ ማባረሪያ ቅባት ትንኝ አይገድልም። ሴቷ ትንኝ የምታገኘን በምናወጣው ትንፋሽ፣ በላባችን ሽታና በገላችን ሙቀት ነው። ከቆዳችን ላይ ቀስ እያለ የሚተነው ቅባት ማሽተቷን ያውክባታል፤ ብታርፍ እንኳ እግሯ ሲነካው ትሸሻለች። ችግሩ፣ ድሬዳዋ ላይ ሙቀቱ ቅባቱን ቶሎ ያተነዋል፣ ላቡም ያጥበዋል።

ሲገዙ ዕቃው ላይ የተጻፈውን ያንብቡ። ትንኝ ከሚያባርሩት ንጥረ ነገሮች ከ20 እስከ 30 በመቶ ዲት (DEET) ወይም 20 በመቶ ፒካሪዲን (picaridin) ያለው ይበቃል። የዲት መጠን ሲጨምር በዋናነት የሚረዝመው የሚቆይበት ሰዓት ነው፤ ከ50 በመቶ በላይ ግን ትርፉ ትንሽ ነው።

የፀሐይ መከላከያ የሚቀቡ ከሆነ እሱን አስቀድመው ይቀቡ፤ ሲደርቅ የትንኙን ያስከትሉ። ከክርን እስከ እጅ አንጓ 1 ሚሊ ሊትር ያህል፣ ማለትም የሻይ ማንኪያ አንድ አምስተኛ፣ በቂ ነው። ጠብታ ጠብታ አድርጎ መተው አይሠራም፤ ትንኟ ያልተቀባችውን ትንሽ ቦታ ፈልጋ ትነክሳለች። ከጆሮ ጀርባ፣ ቁርጭምጭሚትና የነጠላ ጫማ ማሰሪያ ዙሪያ ብዙ ጊዜ ይረሳሉ። ፊት ላይ በቀጥታ አይርጩ፤ በመዳፍ አድርገው ዓይንና አፍን እየሸሹ ይቀቡ። ቁስል ላይና ከልብስ ሥር አይቀባም። ዲት ፕላስቲክ ስለሚያበላሽ መነጽርና የእጅ ሰዓት ያውልቁ።

ለልጆች አዋቂ ይቀባላቸው፤ አፋቸው ውስጥ ስለሚከቱት እጃቸው ላይ አይደረግ። ከ2 ወር በታች ላለ ሕፃን ዲት አይቀባም፤ ሌላው ትንኝ ማባረሪያ፣ የሎሚ ባሕር ዛፍ ዘይት፣ ደግሞ ከ3 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ አይሆንም።

ሰዓቱን መምረጥ እዚህ ከሁሉም ይበልጣል። በ2013 እ.ኤ.አ. የደንጊ ትኩሳት፣ በ2019 ደግሞ ቺኩንጉኒያ የተባለው በሽታ ድሬዳዋን አዳርሰዋል። ሁለቱንም የምታስተላልፈው ትንኝ በበርሜልና በጀሪካን ውሃ የምትራባ፣ በቀን የምትነክስ ናት፤ በተለይ በማለዳና ጀምበር ልትጠልቅ ስትል ትበረታለች። ስለዚህ ሽርጥ ታጥቆ፣ እግር ዘርግቶ በርጫ ላይ ከመቀመጥ በፊት መቀባት ያስፈልጋል። ውዱእ የሚያደርግ ሰው ፊቱን፣ እጁን እስከ ክርኑ፣ እግሩንም ይታጠባል፤ ቅባቱ የሚያስፈልጋቸው ቦታዎችም እነዚሁ ናቸው። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ከሚሰገደው የአስር ሶላት በኋላ እንደገና መቀባት አለበት፤ የጠዋቱን ቅባት ተማምኖ መቀመጥ አያዋጣም።

ሳይታጠቡም ቢሆን ትንኝ ቆዳዎ ላይ አርፋ መቆየት ከጀመረች ቅባቱ አልቋል ማለት ነው፤ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚቀባ ዕቃው ላይ ከተጻፈው ገደብ ሳያልፉ ይድገሙት። ማታ አጎበር ውስጥ ከመግባትዎ በፊት በሳሙና ይታጠቡት።